ቀዳሚው ደም፦ ከአዎርታ ጥገና በኋላ የሚከሰተው የአንጀት ፊስቱላ ከአዲጋላ ሲታይ

በኢትዮጵያ ፊስቱላ የሚለው ቃል ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው በወሊድ ጊዜ ወደሚደርሰው ጉዳት ነው። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልና እንደ ሐረር ባሉ ከተሞች ያሉት ቅርንጫፎቹ ለአሠርት ዓመታት ያከናወኑት ሥራ ቃሉን ከሕክምና መዝገብ አውጥቶ የሕዝብ ቃል አድርጎታል። በቀዶ ሕክምና ቋንቋ ግን ትርጉሙ ሰፋ ይላል፤ በተፈጥሮ በማይገናኙ ሁለት የውስጥ አካላት መካከል የተከፈተ መተላለፊያ ሁሉ ፊስቱላ ይባላል። ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት እጅግ አስፈሪው በአዎርታና በአንጀት መካከል የሚፈጠረው ነው። በአንድ ወገን ከልብ የወጣ ደም በሙሉ ግፊቱ የሚያልፍበት ዐቢይ ደም ቅዳ አለ፤ በሌላው ወገን ተሕዋስያን የሞሉበት አንጀት አለ። በሁለቱ መካከል ቀዳዳ ሲከፈት ደም ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ተሕዋስያን ደግሞ ወደ ደም ይገባሉ።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ባልነካው አዎርታ ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የደም ቅዳው ግድግዳ ሳስቶ መነፋቱ፣ ማለትም አኑሪዝም ነው። በቀደመው ዘመን ቂጥኝና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን ዋነኞቹ ምክንያቶች ነበሩ። ሁለተኛው ዓይነት የተነፋው አዎርታ በሰው ሠራሽ ቧንቧ ከተተካ ወይም ከተደገፈ በኋላ የሚከሰት ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በእርሱ ላይ ነው። ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ ጥገና በኋላ የሚታየው መጠን በአብዛኞቹ ዘገባዎች ከመቶ ታካሚዎች ከ0.3 እስከ 2 ያህል ነው። በብሽሽት በኩል ስቴንት ግራፍት በማስገባት ከሚሠራው ጥገና በኋላ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ካልታከመ ግን በሽታው ገዳይ መሆኑ አያከራክርም፤ በቀዶ ሕክምና የታከሙትም ቢሆን ብዙዎቹ አይተርፉም።

እንዲህ ያለ ብርቅ በሽታ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን በባቡር መስመር ላይ ለምትገኘው ለአዲጋላ ምኗ ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በሽታው አስቀድሞ ምልክት የሚሰጥ በመሆኑ ላይ ነው። ምልክቱ ከታላቅ ሆስፒታል ይልቅ በመጀመሪያ የሚታየው ታካሚው በሚኖርበት ቦታ ነው፤ የሚያነበውም በዚያ ያለ ጤና ባለሙያ ነው።

ጥገናውና ጎረቤቱ

የሆድ አዎርታ አኑሪዝምን ቆርጦ በማውጣት በሌላ ቧንቧ የመተካት ሥራ በሻርል ዱቦስት እጅ ፓሪስ ላይ የተከናወነው እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1951 ነው፤ የተተካውም ከሟች ሰው የተወሰደ ደም ቅዳ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ብሮክ እንዲህ ባለው ተተኪ ቧንቧ የላይኛው ስፌትና በአንጀት መካከል የተፈጠረ ፊስቱላን ዘገበ። መድኃኒቱና የመድኃኒቱ ጦስ እኩል ዕድሜ አላቸው ማለት ይቻላል። በኋላ የሟች ደም ቅዳ በዳክሮን ቧንቧ ተተካ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ኹዋን ፓሮዲ በቦነስ አይረስ ሆድ ሳይከፈት ከውስጥ የሚጠገንበትን መንገድ አስጀመረ። ፊስቱላው ግን በእያንዳንዱ ስልት ተከትሎ መጥቷል።

ምክንያቱ ከሁሉ በፊት የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ዱዎዲነም የሚባለው የቀጭን አንጀት መነሻ የቆሽትን ጫፍ ዞሮ ሲያበቃ ሦስተኛው ክፍሉ ከቀኝ ወደ ግራ በአዎርታ ፊት ተሻግሮ ያልፋል። ሌላው ቀጭን አንጀት በሆድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት፣ ይህ ክፍል ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ከቦታው ፈቀቅ ሊል አይችልም። የሰው ሠራሹ ቧንቧ የላይኛው ስፌትም ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚያው ከኋላው ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት ደረቅ ያለው ቧንቧና ጠንካራው ክር ስስ የሆነውን የአንጀት ግድግዳ ይነካሉ። መሸፈኛ ከሌለ መፋተጉ ለዓመታት ይቀጥላል። ከፊስቱላዎቹ መካከል አብዛኞቹ በዱዎዲነም፣ ይልቁንም በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍሉ ላይ መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

መፋተግ ብቻውን ግን ሁሉንም አያስረዳም። በብዙ ታካሚዎች ላይ ከመፋተጉ ጋር ወይም ከመፋተጉ አስቀድሞ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ኢንፌክሽን በቧንቧው ዙሪያ ይኖራል። ኢንፌክሽኑ ስፌቱን ያላላል፤ የላላው ስፌት ሐሰተኛ አኑሪዝም ይሠራል፤ እርሱም አንጀቱን ይገፋል። የትኛው ይቀድማል የሚለው ክርክር በምርምር ጽሑፎች ውስጥ ገና አልተቋጨም፤ ምናልባትም በሁሉም ታካሚ ላይ አንድ ዓይነት መልስ አይኖረው ይሆናል። ከውስጥ በሚሠራው ጥገና ከአንጀት ጋር የሚጎራበት ስፌት የለም፤ ሆኖም የስቴንቱ መንጠቆዎች፣ በአሮጌው ከረጢት ውስጥ የሚቀጥል የደም ፍሳሽና ኢንፌክሽን ተደምረው ወደዚያው ውጤት ሊያደርሱ ይችላሉ።

መከላከያው ቀላል ይመስላል፦ ቧንቧው ከተሰፋ በኋላ የአኑሪዝሙን አሮጌ ከረጢት መልሶ በላዩ መዝጋት፣ የሆድ ዕቃውን የኋላ ሽፋን መስፋት፣ ያ ካልበቃ ደግሞ ሞራን አምጥቶ በቧንቧውና በአንጀቱ መካከል ማስገባት። አኑሪዝሙ ፈንድቶ በድንገት ለሚሠራ ጥገና ግን ይህን ሁሉ በተረጋጋ እጅ ለመሥራት ጊዜ አይገኝም፤ አደጋው ከፍ የሚለውም በእንዲህ ያሉት ላይ ነው።

ቀዳሚው ደም

የዚህን በሽታ ጠባይ ከሌሎች የሆድ ውስጥ ደም መፍሰሶች የሚለየው አንድ ነገር አለ። ፊስቱላው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ደም ወደ አንጀት ይገባል፤ ታካሚው ደም ያስመልሳል፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ቀይ ደም በሰገራ ይወርዳል። ደም ስለፈሰሰ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንጀቱም ይጨማደዳል፤ በቀዳዳው ላይ የረጋ ደም ይቀመጥና ይደፍነዋል። ደሙ ይቆማል። ይህ የመጀመሪያው ፍሳሽ ቀዳሚ ደም ሊባል ይችላል፤ መልእክተኛ ሆኖ የሚመጣ ነውና። ከእርሱ በኋላ ከሰዓታት እስከ ቀናት፣ አልፎ አልፎም እስከ ሳምንታት የሚደርስ ዕረፍት ይኖራል። ከዚያ የረጋው ደም ይለቅቃል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ፍሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

የመማሪያ መጻሕፍት የሆድ ሕመም፣ የአንጀት ደም መፍሰስና በእጅ ሲዳሰስ የሚመታ የሆድ እብጠት ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ በሽታው ይጠረጠራል ይላሉ። ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ግን በጥቂቶች ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል በተጠገነ አዎርታ ላይ ደግሞ የሚመታው እብጠት አስቀድሞ ተወግዷል። ሦስቱን ምልክቶች የሚጠብቅ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ሳያገኛቸው ታካሚውን ያጣል።

ሌላም መልክ አለው። ቧንቧው አንጀቱን በልቶ ቢገባም ስፌቱ ራሱ ካልተከፈተ፣ የሚደማው የአንጀቱ ቁስል ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል፤ ታካሚው ያለ ግልጽ ምክንያት ደም ያንሰዋል፣ እየከሳ ይሄዳል፣ ትኩሳት ይመላለስበታል፣ ጀርባውን ያመዋል። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና ደም ማነስ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ሲገጥም የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ቲቢ ወይም ወደ ወባ ቢሄድ ማንም ሊወቅስ አይችልም። በቀዶ ሕክምና የገባ ቧንቧ ያለው ሰው መሆኑ ከታወቀ ግን የሐሳቡ ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት።

ምርመራውን በተመለከተ፣ በሲቲ ስካን ላይ በቧንቧው ዙሪያ የጋዝ አረፋ መታየት ዋነኛው ፍንጭ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ጋዝ መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከሁለት ወር በኋላ ከታየ ግን ኢንፌክሽን ወይም ፊስቱላ እስኪወገድ ድረስ እንደ አደጋ ሊቆጠር ይገባል። ደም በሥር የገባ ቀለም ይዞ ወደ አንጀት ሲፈስ በቀጥታ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ኢንዶስኮፒ ሁለት ወጥመዶች አሉት። የተለመደው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዱዎዲነም ሁለተኛ ክፍል ይቆማል፤ ፊስቱላው ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው፦ መርማሪው በጨጓራ ውስጥ ትንሽ ቁስለት ያገኝና ፍለጋውን እዚያው ያቆማል። የጨጓራ መላላጥ በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ያንን ማግኘት ሌላውን ከጥርጣሬ ነጻ አያወጣም።

ከአዲጋላ ወደ ድሬዳዋ

አዲጋላ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ባቡር የሚያልፍባት ከተማ ናት። የቀድሞው የፈረንሳዮች ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው በእርሷ በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ። ድሬዳዋ በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የክልሉ ርእሰ ከተማ ጅግጅጋ ግን በድሬዳዋና በሐረር ዞሮ የሚደረስባት ናት። አዲስ አበባ ከድሬዳዋ ገና ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

በዚህች ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ሌሊት ደም አስመልሶ መጣ እንበል። ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያስበው ትክክለኛውንና የተለመደውን ነው፦ ከሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ወይም ከሕመም ማስታገሻ ክኒኖች የመጣ የጨጓራ ቁስለት፣ አለዚያም ከጉበት በሽታ የተነሣ የተነፉ የጉሮሮ ደም መልሶች። ሁለተኛው በዚህ አካባቢ ከባድ ሚዛን አለው፤ ከሄፓታይተስ ቢ ሌላ፣ በሐረር ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ምርምር ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ተያያዥነት እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ለታካሚው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጠዋል፣ ኦሜፕራዞል ይጀመርለታል። ጠዋት ላይ ደሙ ቆሟል። ሰውየው ሻይ ይጠጣል፣ ቤተሰቡ ያመሰግናል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለጨጓራ ቁስለት ደም መቆሙ የምሥራች ነው። ለአዎርታ ፊስቱላ ግን የደሙ መቆም የበሽታው ተራ ጠባይ ነው፤ መድኃኒቱ የሠራው ነገር የለም።

ሁለቱን በዚያች ሌሊት የሚለየው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ሰውየው ከዓመታት በፊት በውጭ አገር የሆድ ደም ቅዳው ተጠግኖለት እንደሆነ ማንም ካልጠየቀ አይታወቅም። ከሶማሌ ክልል ቤተሰቦች ብዙዎቹ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዘመድ አላቸው፤ ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚጓዘው ኢትዮጵያዊም ጥቂት አይደለም። ታክሞ የሚመለስ ሰው ቧንቧውን በሆዱ ይዞ ይመለሳል፤ የሕክምና ማስረጃው ግን በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ በሳጥን ሥር ይቀራል።

ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅም ልዩነት ያመጣል። በሶማልኛ ቀዶ ሕክምና ‹ቀሊን› ይባላል፤ «አዴር፣ ቀሊን ተደርጎልዎት ያውቃል?» ተብለው የተጠየቁ ሽማግሌ በብሽሽት በኩል ስቴንት የገባላቸው ከሆነ «የለም» ሊሉ ይችላሉ፤ መልሳቸውም ከእርሳቸው አንጻር እውነት ነው፤ ሆዳቸው አልተቀደደምና። ሆዱ ተከፍቶ የተጠገነ ሰው ከደረት አጥንት ሥር እስከ እምብርት በታች የሚወርድ ጠባሳ ይኖረዋል፤ ከውስጥ የተጠገነው ግን በሁለቱ ብሽሽቶች ትንንሽ ጠባሳዎች ብቻ ይኖሩታል፣ እነርሱም በደንብ ካልታዩ ያመልጣሉ። ስለዚህ የሚሻለው አጠያየቅ «በሆድዎ ወይም በእግርዎ የደም ሥር ላይ፣ በመርፌም ይሁን በቀዶ፣ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? በሰውነትዎ ውስጥ የገባ ሰው ሠራሽ ዕቃ አለ?» የሚለው ነው። ብሽሽትን ገልጦ ማየት ደግሞ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ታካሚው ራሱ ካላወቀ፣ በውጭ አገር ላስታመመው ልጅ ወይም ወንድም ስልክ መደወል ከብዙ የላቦራቶሪ ምርመራ ይበልጣል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ደሙ ቢቆምም ባይቆምም፣ ጉዳዩ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የአዎርታ ፊስቱላ ነው። ይህ አቋም የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ቧንቧ ያላቸው ሰዎችም እንደ ማንኛውም ሰው የጨጓራ ቁስለት ይይዛቸዋልና። ሆኖም የስሕተቱ ዋጋ በሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። በከንቱ ወደ ድሬዳዋ የተላከ ታካሚ የሚያጣው ጉዞና ገንዘብ ነው፤ በከንቱ ወደ ቤቱ የተላከው ግን ሕይወቱን ያጣል።

ከመላኩ በፊት የሚደረጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሁለት ሰፋፊ የደም ሥር መግቢያዎች ይከፈታሉ፤ የደም ዓይነት ይታወቃል። የደም ግፊቱን በብዙ ፈሳሽ ወደ መደበኛው ለመመለስ መጣደፍ አይገባም፤ የፈነዳ አኑሪዝምን በማከም ልምድ እንደሚደረገው፣ ታካሚው ነቅቶ የሚያነጋግር እስከሆነ ድረስ ዝቅ ያለ ግፊት ይበቃል። ግፊቱ በድንገት ከፍ ሲል ቀዳዳውን የደፈነውን የረጋ ደም ሊያስወጣው ይችላልና። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የአንጀት ደም መፍሰስ» ብሎ ማቆም ታካሚውን ወደ ኢንዶስኮፒ ወረፋ ይመራዋል፤ «ቀደም ሲል አዎርታው የተጠገነ፣ ፊስቱላ የተጠረጠረ» ብሎ መጻፍ ግን በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካንና ወደ ቀዶ ሐኪም ይመራዋል። የሚላክበት ቦታም በአስተዳደር ወሰን መወሰን የለበትም፤ የሚሠራ ሲቲ ስካን፣ ደምና ቀዶ ሐኪም በዚያ ቀን የት እንዳሉ በስልክ ተጠይቆ ይወሰን። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሦስት ዘመዶች አብረው ቢሄዱ መልካም ነው።

ከታወቀ በኋላ

ሕክምናው በሁለት ግንባር የሚካሄድ ነው፦ ደሙን ማቆምና የተበከለውን ቧንቧ ማስወገድ። የቆየው ስልት ከብብት ሥር ካለው ደም ቅዳ ወደ ሁለቱ ብሽሽቶች በቆዳ ሥር አዲስ ቧንቧ በመዘርጋት እግሮችን በሌላ መንገድ መመገብ፣ ከዚያም አሮጌውን ቧንቧ አውጥቶ የአዎርታውን ጫፍ መስፋት ነበር። አዲሱ ቧንቧ ከተበከለው ስፍራ ይርቃል፤ ይሁንና የተሰፋው የአዎርታ ጫፍ በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ሌላው ስልት በዚያው ቦታ በሌላ ቧንቧ መተካት ነው። ቧንቧው በሪፋምፒሲን የተነከረ ዳክሮን፣ ከሟች የተወሰደና በቅዝቃዜ የቆየ ደም ቅዳ፣ ወይም ክላጌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስተዋወቁት ከታካሚው ጭን የተወሰደ ጥልቅ ደም መልስ ሊሆን ይችላል። ሪፋምፒሲን በኢትዮጵያ በቲቢ ሕክምና የታወቀ መድኃኒት ቢሆንም፣ ለመንከሪያ የሚያገለግለው በደም ሥር የሚሰጠው ዱቄት እንጂ ክኒኑ አይደለም። የጭን ደም መልስ ግዢ አይጠይቅም፣ ኢንፌክሽንንም ይቋቋማል፤ ይህ በጎኑ ያለ ብልጫ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዓት የሚወስድ ቀዶ ሕክምና በመሆኑ በደም ማጣት ለተዳከመ ሰው አይስማማም።

ታካሚው እየደማ ከደረሰ በብሽሽት በኩል ስቴንት ግራፍት ገብቶ ቀዳዳው ከውስጥ ሊሸፈን ይችላል። ይህ በፍጥነት ሕይወትን ያተርፋል፤ ነገር ግን አዲሱም ዕቃ በተበከለ ስፍራ ስለሚቀመጥ ኢንፌክሽኑ ይመለሳል፣ ደሙም ሊመለስ ይችላል። ስለሆነም ብዙዎች እንደ ድልድይ ያዩታል፦ ታካሚው በርትቶ ለዋናው ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ የሚሻገርበት። ዋናውን ቀዶ ሕክምና ፈጽሞ ለማይችል ሰው ግን የመጨረሻው ሕክምና ሆኖ ይቀራል፤ አንቲባዮቲኩም ዕድሜ ልክ ይከተለዋል። በሁሉም ስልት የአንጀቱ ቀዳዳ በሚገባ መዘጋቱና በአንጀቱና በአዲሱ ቧንቧ መካከል ሞራ መግባቱ ከቧንቧው ምርጫ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ አንጀቱ በደንብ ካልተዘጋ የቀረው ሁሉ ይፈርሳልና።

በስቴንት ግራፍት የተጠገነ ሰው ዕድሜ ልኩን በየጊዜው ክትትል እንደሚያስፈልገው የሙያው መመሪያዎች ያዛሉ። በአልትራሳውንድ የአኑሪዝሙ ከረጢት እያደገ መሆን አለመሆኑን ማየት ይቻላል፤ በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ጋዝ ለማየት ግን ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ከውጭ ታክሞ ወደ አዲጋላ የተመለሰ ሰው ከዚህ ክትትል የሚወጣው በተመለሰበት ቀን ነው። ፊስቱላው የሚታየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥገናው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጠባሳው ነጥቷል፣ ያከመው ሆስፒታል ስም ተረስቷል፣ በመታወቂያው ኪስ ገብቶ መገኘት የነበረበት የቧንቧው ዓይነትና የገባበት ቀን የተጻፈበት ካርድም አብሮት የለም።